የማይቸኩለው ቀጥቃጭ

በኦሃዮዋ የሳይካሞር ፎርድ ከተማ ፈረሱን ለጄቤዝ ቶሊቨር የሰጠ ሰው በዘር ጊዜ ሰጥቶ በአጨዳ ይረከባል ይባል ነበር። ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። ሌላ ቀጥቃጭ በአንድ ሰዓት የብረት ጫማ መትቶ የሚለቀውን ፈረስ ጄቤዝ ግማሽ ቀን ይይዘዋል። መጀመሪያ ፈረሱን መንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያስኬድና አንገቱን ዘንበል አድርጎ አረማመዱን ያያል። ከዚያ ሰኮናውን ይሞርዳል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ ደግሞ ይሞርዳል። ብረቱን ከእሳት አውጥቶ ይቀጠቅጠዋል፣ ይለካዋል፣ ካልወደደው መልሶ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ባለፈረሱ እየተቁነጠነጠ «ኧረ በፈጠረህ!» ቢለው ቀና ሳይል «ይደርሳል» ነው መልሱ። ሌላ መልስ የለውም።

ታዲያ እሱ የመታው ጫማ ያለጊዜው ወልቆ አያውቅም። ነጩም ጥቁሩም እየተሳደበ ተመልሶ እሱ ዘንድ የሚመጣው ለዚህ ነበር።

ሚስቱ ኬዛያ ከሞረድ የባሰ ምላስ ያላት ሴት ናት። «እኔን ሲጠይቀኝ» ትላለች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹን ሰብስባ፣ «'እወድሻለሁ' ያለኝ በጸደይ ነው። 'አግቢኝ' እስኪል በረዶ ጣለ።» ይህ ታሪክ በሆነ ሰሞን የእሷ የራሷ ባዝራ እንኳ አሮጌ ጫማዋ ከተነቀለ ሦስት ቀን ሆኗት ባዶ እግሯን በረት ውስጥ ቆማ ነበር። አዲሶቹ አራት ጫማዎች ተሠርተው፣ ተለክተው፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጄቤዝ ግን በየጠዋቱ አንዱን ያወርድና ጠርዙን በጣቱ ዳስሶ መልሶ ይሰቅለዋል።

ከከተማው ሰው ሁሉ ጄቤዝን «ቶሎ በል» ብላው የማታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ላቪኒያ ትባላለች፤ ባርኔጣ ትሰፋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ባርነት ካለበት ከኬንታኪ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግራ የመጣች ናት፤ እንዴት እንደመጣች የጠየቃት የለም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ በጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ለአዋቂዎች ፊደል ታስተምራለች። አብረውት የጀመሩት መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ሲጀምሩ የአርባ ስድስት ዓመቱ ጄቤዝ ገና ስሙን ከመጻፍ አልወጣም። አንዷን ፊደል አንድ ወር ሙሉ ይታገላታል። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ «ወንድም ጄቤዝ፣ ፊደሉ የትም አይሄድብህም» ትለዋለች። ለዚህች ቃል ሲል እሳት ውስጥ ቢገባ አይቆጨውም ነበር።

የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሊነሳ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው ይህ የሆነው። አገሩ ግን ያኔም በልቡ ተዋግቶ ጨርሷል። በሰሜን ነፃ የሆነው ሰው በደቡብ ዕቃ ነው። ዋሽንግተን ያወጣው ሕግ ደግሞ ከጌታው ያመለጠ ባሪያ ነፃ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ ተይዞ ይመለስ፣ ሹሙ ያዘዘው ዜጋ ሁሉ በመያዙ ያግዝ፣ እምቢ ያለ ይታሰር ይላል። የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጭቅጭቅ ለሁለት ተሰንጥቆ ወንድማማቾች በተለያየ በር መግባት ጀምረዋል። ባለሱቁ ሳይላስ ሃክሌይ በየቀኑ ከጄቤዝ ምድጃ አጠገብ በርሜል ላይ ተቀምጦ ይከራከራል። ነጭ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው።

«ሕግ ሕግ ነው» ይላል። «እኔም አልወደውም። ግን ሁሉ ሰው ያልወደደውን ሕግ ከጣሰ አገር ምን ይሆናል?»

«ይደርሳል» ይለዋል ጄቤዝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በሁለት ፈረስ የሚሳብ ጋሪ የከተማውን ትንሽ ወንዝ በመልካው ተሻግሮ ወደ ከተማው ገባ። አንደኛው ፈረስ ድንጋዩ ላይ ጫማው ወልቆ ያነክሳል። ጋሪው ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ሹም ማርሻል ክራውደር፣ አንድ ረዳቱና ፔንድል የሚባል ከኬንታኪ ባለባሪያ የተላከ ወኪል አሉ። ከኋላ እጇን የፊጥኝ ታስራ ላቪኒያ ተቀምጣለች። ከመልካው ማዶ በከተማው ዳር ካለው ቤቷ በር ላይ ነው የያዟት፤ መርፌው ገና ደረቷ ላይ ተሰክቷል።

ማርሻሉ በመጀመሪያ ወደ ፈረስ አከራዩ ወደ ዶብስ ሄደ።

«ፈረሶቼ ሆዳቸውን ታመዋል» አለ ዶብስ።

«ሁሉም?»

«አንድ ሳይቀር። እኔም ራሴ ዛሬ ደህና አይደለሁም።»

ማርሻሉ ጀርባውን እንዳዞረ ዶብስ በሕግ ስም እንዳይወስዱበት የራሱንም የጎረቤቶቹንም ፈረሶች አንድ ላይ ነድቶ ከኮረብታው ማዶ ወዳለው የወንድሙ ግጦሽ አባረራቸው። ብልህ ሥራ ነበር። ቢያንስ ያኔ ብልህ ሥራ መስሎ ነበር።

ማርሻሉ ወደ ጄቤዝ መጣ። «አንተ! ለዚህ ፈረስ ጫማ ምታለት። ሳይመሽ ወደ ኬንታኪ የሚያሻግረው ጀልባ ላይ መድረስ አለብኝ። በሕግ አዝዤሃለሁ፤ እምቢ ካልክ ወህኒ ትወርዳለህ።»

ጄቤዝ ጋሪው ላይ ያለችውን ላቪኒያን አየ። እሷም አየችው። እምቢ ቢል ረዳቱ መዶሻውን አንስቶ እንደምንም መትቶለት በግማሽ ሰዓት እንደሚሄዱ ገባው።

«ሕግ ከሆነማ እሺ ጌታዬ» አለ።

በሩ ላይ የቆመችው ኬዛያ ፊቷ ጠቆረ። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ያለ ቃል ይወጣዋል ብላ አላሰበችም። ጄቤዝ ፈረሱን ፈታ፣ ወደ መንገዱ አወጣው፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደው ጀመር። ሄደ፤ መጣ። ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየ። ደግሞ ሄደ።

ኬዛያ ያኔ ገባት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጠበቃው ባርክሌይ ቤት ሮጠች። ባርክሌይ በራሱ ፈረስ ኮርቻ ላይ ወጥቶ አሥራ ሁለት ማይል ርቆ ዳኛው ወዳለበት ከተማ ሲጋልብ፣ ጄቤዝ የመጀመሪያውን ሰኮና ገና አላነሳም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ጄቤዝ የወለቀውን ጫማ ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ሦስቱን ነቀለ። «ያልተመጣጠነ ጫማ ፈረስ ይገድላል ጌታዬ» አለ፤ ደግሞም እውነቱን ነው። የብረቱን በትር መረጠ፤ አልወደደውም፣ ሌላ መረጠ።

ማርሻሉ በርሜሉ ላይ ወደተቀመጠው ሳይላስ ዞረ። «አንተ የተከበርክ ሰው ትመስላለህ። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ እየቀለደብኝ ነው?»

ሳይላስ ጢሙን አሻሸ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያንን ቀንም አልዋሸም። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ዛሬ ፈጥኗል። የእኔን በቅሎ አርብ ሰጥቼው ማክሰኞ ነው የወሰድኩት።»

ማርሻሉ ነገሩ አላማረውም። ሰው ደጃፉ ላይ እየተጠራቀመ ነው። ረዳቱን በደህናው ፈረስ አስቀምጦ ተጨማሪ ሰዎች እንዲያመጣ ወደ ቀጣዩ ከተማ ላከው።

ያኔ ፔንድል መጣ። የኪስ ሰዓቱን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከጄቤዝ ትከሻ በላይ ይዞት ቆመ። «እስቲ እንይ» አለ። «አንድ ጫማ ስንት ደቂቃ?»

የጄቤዝ እጅ እሱን ሳይጠይቅ ፈጠነ። መዶሻው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወረደ፤ እንደ ዝናብ። ጄቤዝ ደንግጦ አቆመውና መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ይህን በሳይካሞር ፎርድ የሚያውቅ ሰው የለም። ጄቤዝ በባርነት በነበረበት በቨርጂኒያ፣ ባለሰዓት አለቃ እንዲሁ ከትከሻው በላይ ይቆም ነበር። ሰዓት በአንድ እጅ፣ ጅራፍ በሌላው። በሃያ ዓመቱ በዚያ አካባቢ ከሱ የሚፈጥን ቀጥቃጭ አልነበረም፤ አለቃው ለእንግዶች እንደ ትርዒት ያሳየው ነበር። ሽማግሌው ጌታው ሲሞት በኑዛዜ ነፃ ያወጣው ቀን፣ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ አንድ ነገር ማለ፤ ከእንግዲህ እጄን ማንም አያጣድፈውም። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ስድቡን ሁሉ የተሸከመው ያን መሐላ ሲጠብቅ ነው።

ጄቤዝ ትንፋሹን ሰበሰበ። ብረቱን በጉጠት ይዞ እሳቱ ውስጥ መለሰው።

«ቀዝቅዟል ጌታዬ» አለው ፔንድልን። «በቀዝቃዛ ብረት አይሠራም።»

«ቶሎ በል እንጂ!»

«ይደርሳል።»

ጋሪው ላይ ላቪኒያ አንገቷን ደፋች። የምታለቅስ የመሰላቸው ነበሩ። ሳቋን ነበር የደበቀችው።

ሰባት ሰዓት ላይ አቧራው ተነሳ። ጠበቃው ባርክሌይ የኦሃዮ ሕግ አስከባሪ የሆነውን ሸሪፍ አስከትሎ ደረሰ፤ ሁለቱም ፈረሶች አረፋ ደፍቀው እግራቸው ይብረከረካል። ሸሪፉ የዳኛውን ወረቀት ከፍቶ አነበበ፤ ሴቲቱ ትለቀቅ ይላል።

«የኦሃዮ ዳኛ እኔን አያዘኝም» አለ ማርሻሉ። «እኔን የሚያዘኝ ዋሽንግተን ነው።» እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ።

«እኔን ደግሞ ኦሃዮ ነው የሚያዘኝ» አለ ሸሪፉ። እሱም እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ።

ሁለት ሕግ፣ ሁለት ሹም፣ አንዲት የታሰረች ሴት። አገሩ ሁሉ የደረሰበት ነገር እዚያች አቧራማ መንገድ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር። ስልሳ የሚሆን ሰው ጋሪውን ከቧል። ማርሻሉ ከመካከላቸው የታመነ መስሎ የታየውን አንድ ሰው ፈለገ፤ አገኘም።

«አንተ ባለሱቅ! በሕግ አዝዤሃለሁ፤ ና ይህቺን ሴት ያዝልኝ!»

ሳይላስ ከበርሜሉ ተነሳ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሕግ ሕግ ነው ያለ ሰው ነው። ወደ ጋሪው ሄደ፣ ወደ ላቪኒያ ቀና አለ፤ ራሱ ላይ ያለው ባርኔጣ እሷ የሰፋችለት ነው። ባርኔጣውን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው።

«በወረቀት ላይ ሳለ ሕግ ነበር» አለ። «በእጄ ያዝ ሲሉኝ ግን... አልችልም። እሰሩኝ።»

ላቪኒያ ማንም እስኪያወርዳት አልጠበቀችም። እጇ እንደታሰረ ከጋሪው ዘለለች። ማርሻሉ ሊይዛት ሲል ስልሳው ሰው በመካከል ገባ፤ ማንም አልመታውም፣ ማንም አልነካውም፤ ቆሙ ብቻ። ኬዛያ ገመዱን በጄቤዝ የሰኮና ቢላ በጠሰችው።

«ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለ ባርክሌይ። «ሰባት ማይል። ረዳቱ ሰው ይዞ ሳይመለስ አሁኑኑ መሄድ አለባት። ፈረስ አምጡ!»

ሁሉም ወደ ዶብስ ዞሩ። የከተማው ፈረስ በሙሉ ከኮረብታው ማዶ ሣር እየጋጠ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለ አንዱ። «ራሳችንን ዘረፍን!»

የባርክሌይና የሸሪፉ ፈረሶች አንድ ማይል አይሄዱም። የማርሻሉም ፈረስ ጫማው ገና አላለቀም፤ ቢያልቅስ ማን ይንካው? ሸሪፉ አስጠነቀቀ፤ ሴቲቱን በዳኛ ትእዛዝ ነው የወሰድናት፣ ፈረሱን ከወሰድን ግን ሌባ ነን አለ። የቀረችው የኬዛያ ባዝራ ብቻ ነች፤ ባዶ እግሯን። መንገዱ ደግሞ እስከ ጣቢያው ድረስ የተፈለጠ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ማይል ሳትሄድ ትሰናከላለች።

ኬዛያ ወደ ባሏ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ ለምኜህ! በአንተ መንፏቀቅ ልጅቷ አለቀላት!»

ጄቤዝ ባዝራዋን ከበረት አወጣ። አራቱን ጫማዎች ከግድግዳው አወረደ። ምስማሮቹን በከንፈሩ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

ቀጥሎ የሆነውን ያዩ ሰዎች እስኪሞቱ አወሩት። መዶሻውና እጁ አልተለያዩም። ሰኮናውን በጉልበቱ መሃል ያዘ፣ በሁለት ምት ሞረደ፣ ጫማውን አስቀመጠ፣ ምስማር ከከንፈሩ ወደ ጣቱ፣ ከጣቱ ወደ ሰኮናው፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። አንዱ እግር አለቀ። ባዝራዋ ራሷ ግራ ተጋብታ አንገቷን አዙራ አየችው። ሁለተኛው እግር አለቀ። ሳይላስ ሰዓቱን አወጣና ወዲያው አፍሮ መልሶ ከተተው። ላቡ በጄቤዝ አፍንጫ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ፊቱ ላይ ግን ከቨርጂኒያ ወዲህ ሰው ያላየው ነገር አለ፤ ልጅ እያለ የሚወደውን ሥራ የሚሠራ ሰው ፊት። ሦስተኛው። አራተኛው። የምስማሮቹን ጫፍ ቆልምሞ በሞረድ አለሰለሰና ቀና አለ።

እዚያ ማዶ ለአንድ ፈረስ አምስት ሰዓት የጠበቀው ማርሻል አፉን ከፍቶ ቆሟል። «አንተ...» አለ። «አንተ ትችል ነበር!»

«እችል ነበር ጌታዬ።»

«የመንግሥት ሹም አታለልክ!»

«አላታለልኩም። እርስዎን ያስተናገድኩት እንደማንኛውም ደንበኛዬ ነው። የከተማውን ሰው ይጠይቁ።»

ስልሳው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሸሪፉ ሳይቀር ፊቱን አዞረ።

ላቪኒያ ባዝራዋ በተጠመደችበት በጄቤዝ ጋሪ ላይ ወጣች፤ ዶብስ እንደ ካሣ ልጓሙን ያዘላት። ከመሄዳቸው በፊት ጎንበስ ብላ ጄቤዝን አየችው።

«ወንድም ጄቤዝ፣ ፊደሉንም እንዲሁ እያወቅህ ነበር የምትደብቀኝ?»

«የለም እህት ላቪኒያ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ፊደሉ ላይ እውነቴን ነው። አይገባኝም።»

«ይገባሃል። ስምህን ጨርስልኝ እሺ?»

«እጨርሳለሁ።»

ጋሪዋ ተፈተለከች። ድንጋዩ ላይ የአራቱ ጫማ ድምፅ እስከ ኮረብታው ድረስ ተሰማ። ባቡሩ ላይ ደረሰች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከካናዳ ደብዳቤ መጣ።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ኬዛያ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ምላሷ ጠፍቶባት ነበር፤ ብርቅ ነገር ነው።

«የት ተማርከው?» አለች በመጨረሻ።

ነገራት። አለቃውን፣ ሰዓቱን፣ ጅራፉን፣ መሐላውን። ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አሥራ አንድ ዓመት ቶሎ በል ስልህ!» አለች። «ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንቺ ጅራፍ አልያዝሽማ።»

«እና ዛሬ መሐላህን አፈረስከው።»

ጄቤዝ አሰበ። እንደ ልማዱ ረጅም ጊዜ አሰበ። «አላፈረስኩም» አለ። «ዛሬ ማንም አላጣደፈኝም። ራሴ ነኝ የቸኮልኩት። ለካ ደስ ይላል።»

በስምንተኛው ቀን ማርሻሉ ስድስት የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ተመለሰ። ፌዴራል ፍርድ ቤት የጠራቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዟል፤ ባርክሌይ አለበት፣ ዶብስ አለበት፣ ሳይላስ ሃክሌይ አለበት፣ ጄቤዝም አለበት። ሳይላስ ስሙ እንዳይቀር የፈራ ይመስል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መጥሪያው እንደደረሰው ፈረመ።

«ለአንዲት ሴት ብላችሁ አገሩን ልታቃጥሉት ነው» አለው ማርሻሉ።

«አንዲት ሴት በነፃነት ማኖር ያቃተው አገር ምን ያደርግልናል?» አለ ሳይላስ። ይህን ከሳይላስ አፍ መስማት ለከተማው ከጄቤዝ ፍጥነት ያልተናነሰ ጉድ ነበር።

የጄቤዝ ተራ ደረሰ። ማርሻሉ ወረቀቱን መስፉ ላይ ዘረጋ፤ ብዕሩን ወረወረለት።

«በስምህ ፈንታ እዚህ ጋ የመስቀል ምልክት አድርግ። ቶሎ በል፣ መንገደኛ ነን።»

ጄቤዝ እጁን በቆዳ ሽርጡ ጠረገ፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ብዕሩን አነሳ።

«ምልክት አላደርግም ጌታዬ። ስሜን ነው የምጽፈው።»

የመጀመሪያውን ፊደል ጻፈ። ቆም ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው፤ ወደደው። ሁለተኛውን ጀመረ። ማርሻሉ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ፤ የኪስ ሰዓቱን አወጣ። ከታጠቁት አንዱ አዛጋ። የጄቤዝ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ከኋላው ኬዛያ ተጠጋች። እጇን ትከሻው ላይ አኖረች።

«አትቸኩል፣ ጄቤዝ» አለችው።

ሦስተኛውን ፊደል ጻፈ። ቶሊቨር ገና ይቀራል፤ ረጅም ስም ነው። ማርሻሉና ስድስቱ ሰዎች ቆመው ጠበቁት።